አንተ በይኝ

ካሚዮኗ እያቃሰተች ዳገቱን ስትጀምር ጋቢናዋ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ግን ጠመንጃውን በማንገቻው ያንጠለጠለ አንድ አስር አለቃ መንገዱ መሐል ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ በመከራ አቆማት። አስር አለቃው እንዴት ዋላችሁም ሳይል በሩን ከፈተና፣

«ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እስከ ድልድዩ ነኝ» ብሎ ገባ።

ለሦስት የጠበበው ወንበር ለአራት ሆነ። ከመሪው ኋላ ሹፌሩ፣ ከጎኑ ሚስቱ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሽማግሌው፣ በር ጥግ አስር አለቃው። የጠመንጃው አፈሙዝ ካሚዮኗ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ጣሪያውን ኳ ያደርጋል። በፊቱ መስታወት ከቀዩ አቧራ ሌላ የሚታይ የለም። ከኋላ የተጫነው የጨው ጆንያ ሽታ፣ የቤንዚኑ ሽታና የወታደሩ ላብ አንድ ላይ ሆነው ጉሮሮ ያንቃሉ።

ሴትዮዋን የሚያውቃት ሁሉ ሙሽሪት ነው የሚላት። ከተዳረች ቆይታ፣ ሆዷም ገፍቶ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ሽማግሌው የባሏ አባት ናቸው። አስር አለቃው ከገባ ጀምሮ ግን የባሏ አባት አልነበሩም፤ የጨው መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ካፖርታቸው የእውነተኛ ዘበኛ ካፖርት ነው፤ ክርኑ አልቋል፣ አንድ ቁልፍ የለውም። ጢማቸውን ሳይላጩ ሰንብተዋል። ያልተለወጠ ነገር ቢኖር አቀማመጣቸው ነው። የጋቢናውን ወንበር የችሎት ወንበር አስመስለውታል። ሙሽሪት በክርኗ ነካ ስታደርጋቸው ትከሻቸውን ጣል ያደርጉና ትንሽ ቆይቶ ይረሱታል።

አሁን ቤተ መንግሥቱን የያዙት ሰዎች በፊት እግር ብረት ገብቶላቸው እሳቸው ፊት ቆመው ነበር። የፈረዱባቸው እሳቸው ናቸው። ነገሩ ሲገለበጥ ታዲያ በየአደባባዩ መጀመሪያ የተለፈፈው የእሳቸው ስም ሆነ፤ «የደበቀም ከተደበቀው እኩል ይሰቀላል» ተባለ። ያን ጊዜ ወዳጅ የተባለው ሁሉ በሩን ቀረቀረ። የተከፈተላቸው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርቱን ትቶ መሪ የጨበጠ ዕለት «እኔ ልጅ የለኝም» ብለው በሰው ልከው ያባረሩት ልጃቸው በር። ልጁ በሩን ከፍቶ አንድ ቃል አልወጣውም፤ አልጋውን ለቀቀላቸው። የማታረቅም የማታጣላም ሙሽሪት ነበረች መሐላቸው የምትላላከው። «አባባ ውሃ ይፈልጋሉ» ትላለች ለባሏ፤ «ውሃው ይኸው ብሏል» ትላለች ለሳቸው።

ይህን ጉዞ ያቀዱት እሳቸው ናቸው። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ከአዲሶቹ እጅ ወጣ ማለት ነው። ከመነሳታቸው በፊት ሙሽሪትን ቁጭ አድርገው ያለማመዷት ነገር ቢኖር አንዲት ቃል ናት።

«አንተ በይኝ።»

«ኧረ አባባ! ምላሴን ይቁረጠው!»

«ዘበኛ ነኝ እኮ። ዘበኛ አንተ ነው የሚባል። እኔ የራሴን ዘበኛ ሌላ ነገር ብዬው አላውቅም። አንቱ ስትይኝ የሰማ ሰው ያን ዕለት አለቀልን።»

ሞከረች። «አን... አን...» ትልና ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ማንቆርቆሪያው አዙራ፣ «አንተ! ምን ይጎልትሃል! ተነስ!» ብላ ተለማመደች፤ እሳቸውም ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደሳቸው ዞራ ዓይኗን ጨፍና አለችው። «በርቺ» አሏት፤ «ሳታመነቺ። ምስክር ሲያመነታ ማንም ያውቅበታል።»

የሷ አባት ሸማኔ ነበር። በሕይወቱ ሽማግሌን አንተ ሲል ሰምታው አታውቅም፤ ለማኝም ይሁን፣ ዘበኛም ይሁን፣ ነጭ ጠጉር ያለው ሁሉ ለሱ አንቱ ነው። ይህ ነገር የዚያን ዕለት በልቧ መጥቶ ነበር። ግን ምን ብላ ትናገር? አባባ ተሳስተዋል ልትል? እሳቸውን ማረም አንተ ከማለት የሚብስ ሆነባትና ዋጠችው።

ዳገቱ መሐል ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ነጭ እንፋሎት ከአፍንጫዋ ቡልቅ ሲል ካሚዮኗ ተንገጫግጫ ቆመች፤ ቆማም አልቀረች፣ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትንሸራተት ጀመር። ከኋላ ገደል ነው።

«ታኮ! ፍሬኑ አይዛትም፣ ታኮ!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ።

አስር አለቃው ዞሮ ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰሙ የሚሮጠው ሌላ ሰው ነበርና አሁንም ሌላውን ሰው እየጠበቁ ነው። ሙሽሪት ደሟ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ።

«አንተ!» አለች። «ምን ይጎልትሃል? ውረድና ድንጋይ አድርግ! አትሰማም እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ደንቆሮ የምትለዋን ማንም አላስጠናትም፤ ከየት እንደመጣች እሷም አታውቅም። እሳቸው ግን ብድግ አሉ። አስር አለቃው አስቀድሞ ዘሎ ወረደና እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። ሙሽሪት በጎን መስታወቱ አየቻቸው፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ድንጋዩን እንደያዙ በጉልበታቸው ወደቁ። አስር አለቃው ድንጋዩን ከእጃቸው ነጥቆ ራሱ ጎማው ሥር ወሸቀው። ከዚያ አቧራቸውን አራገፈላቸው፤ ደግፎ አስገባቸው።

ሹፌሩ በቆርቆሮ ውሃ ሞልቶ፣ በማኒቬላው አሽከርክሮ ሞተሩን አስነሳ። ካሚዮኗ እንደገና መውጣት ስትጀምር አስር አለቃው አንገቱን አስግጎ በሽማግሌው ደረት በኩል ሙሽሪትን አያት።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እኒህን ሰውዬ አንተ ስትዪ ትንሽ እንኳ አይከብድሽም?»

«ዘበኛ ነው» አለች፤ ድምጿ ግን ቀጠነባት።

«ዘበኛ ሽበት አያወጣም?»

«ተው እንጂ አስር አለቃ» አለ ሹፌሩ፤ ሳቅ ለመምሰል እየሞከረ። «ነፍሰ ጡር ናት፤ እኔንም ከመኪናው ጋር ነው ስትሰድበኝ የምትውል።»

«አንተንስ ትስደብህ፤ ባሏ ነህ፣ ደመወዝህ ነው።» ወታደሩ ራሱ በቀልዱ ፈገግ አለና ወዲያው ፊቱ ተመለሰ። «የሹፌር ሚስት ነሽ። እኔ የማውቃቸው የሹፌር ሚስቶች ሰካራሙን ሽማግሌ እንኳ አንቱ ብለው ነው ከደጃቸው የሚያባርሩት። ሽማግሌ አንተ የሚባለው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጌቶች ቤት። እዚያ ብቻ ነው። አባቴ ዘበኛ ነበር። ጎንበስ ብሎ የሚሄድ አሮጌ ሰውዬ። እንደ እንቁላል ያሉ ሕፃናት፣ የጌታው ልጆች፣ ‹አንተ፣ በሩን ክፈት› ይሉታል። እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። አንቺ ታዲያ ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው?»

ሙሽሪት የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። አውቀው ነበር፣ አለች በልቧ፤ አውቄው ነበር፣ አፍሬ ነው የተውኩት።

«ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለ አስር አለቃው።

ወደ አማቷ ዞረች። ድንጋዩ መዳፋቸውን ልጦት ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ በካፖርታቸው ሊሸፍኑት እየሞከሩ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች። ከዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ደግ ነበር። ቃሉ ግን ታግዶ የከረመ ውሃ ሆነባት። «እርስዎን እንዲህ ማለቴ... እጅዎ ደምቷል እኮ... እኔን ይድፋኝ፣ እኔን...» አለችና ተንሰቀሰቀች።

ለዘበኛ የማይለቀስ ልቅሶ ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና ስትል የአስር አለቃው ዓይን ከእሷ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ሹፌሩ አፍንጫ ሲሄድ አየችው። የሹፌሩ አፍንጫ የአባቱ አፍንጫ ነው።

ወታደሩ ጠመንጃውን ከበሩ አንስቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ትንሽ ቆይቶ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣

«ድልድዩ ላይ ሁሉም ይወርዳል» አለ። «ሻምበሉ ከድሮው ፍርድ ቤት አንድ ጸሐፊ አምጥተዋል። የሚፈለጉትን ሁሉ በመልክ ያውቃቸዋል። አንድ ኮሎኔል ፊቱን ከሰል ተቀብቶ የከሰል ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊው ቀልድ ነገረው፤ ኮሎኔሉ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ታየ።»

ማንም አልሳቀም።

ዳገቱ አለቀ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከታች ወንዙ፣ በወንዙ ላይ የብረቱ ድልድይ፣ ከድልድዩ አፍ ላይ እንደ ጉንዳን የተሰለፉ ሰዎችና ጋሪዎች ታዩ። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ መዞሪያ የለውም። ጸሐፊው እኒህን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ሲያይ የኖረ ነው። ቁልቁለቱ ባያልቅ፣ ፍሬኑ ባይዝ፣ ሁላችንም እንዲሁ ወንዙ ውስጥ ብንገባ ብላ ሙሽሪት ተመኘች። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ያለው ተራገጠና ምኞቷን ፈራችው።

«አስር አለቃ።»

«አቤት!» አለ ወታደሩ።

አቤት ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። ድምፁ የዘበኛ ድምፅ አልነበረም። ሽማግሌው ትከሻቸውን ለቀውታል፤ አሁን የሚደብቁት ነገር የለም።

«ብልህ ልጅ ነህ» አሉ። «የጠረጠርከው ልክ ነው። የሚፈለገው ዳኛ እኔ ነኝ።»

ካሚዮኗ ወደ ገደሉ ዘመም አለች። «መሪህን ያዝ፣ ሹፌር!» አሉ ዳኛው፤ ሹፌር ያሏት ቃል የባዳ ቃል ነበረች። ሹፌሩ አስተካከለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሊፈነዳ ደርሷል።

«እነዚህስ?» አለ አስር አለቃው።

«እነዚህ አያውቁኝም። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የነጋዴው ዘበኛ ነኝ፣ ልጄ ታሞብኛል፣ ጫኑኝ አልኳቸው። አመኑኝ፣ ጫኑኝ።»

«አያውቁኝም ትላለህ? ሴትዮዋ አሁን ያለቀሰችው ለማን ነው?»

አንተ አላቸው። ለዘበኛው አንቱ ያለው አፍ ለዳኛው አንተ አለ።

«አንተ ስለተቆጣሃት ነው ያለቀሰችው። ጠመንጃ ይዞ የሚቆጣት ሰው ስታይ ሴት ልጅ ምን ታድርግ? ግድየለም፣ ማስረጃ ልስጥህ፤ ማስረጃ ሥራዬ ነበር። ዘመዶቼ ናቸው ብለህ ጠርጥረሃል። እሺ፤ እሱ ልጄ ነው እንበል፤ እሷም ምራቴ ናት እንበል። አማቷን አንተ የምትል ምራት የት አገር አይተሃል? በባሏ ፊት፣ በሰው ፊት፣ ደንቆሮ የምትል?»

አስር አለቃው ዞሮ ሙሽሪትን አየ።

«አንተው በጆሮህ ሰምተሃል» አሉ ዳኛው። «ከአንተ የተሻለ ምስክር የላትም።»

ሙሽሪት ልትጮህ ነበር። አባባ አይበሉ ልትል፣ ውሸት ነው ልትል፣ ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። ሹፌሩ ማርሽ የሚለውጥ መስሎ እጁን አወረደና ጉልበቷን ጨምድዶ ያዛት። ሕመሙ ነው አፏን የዘጋው።

«ልጅ አለህ?» አለ አስር አለቃው፤ ዳኛውን ትቶ የሹፌሩን ጉንጭ እያየ።

«የለኝም» አሉ ዳኛው። «ጸሐፊውን ጠይቀው። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይነግርሃል።»

ይህን ቃል ሹፌሩ ከዚህ በፊት በሰው በሰው ሰምቶት ያውቃል፤ ስንት ዓመት አብግኖታል። ከራሳቸው አፍ ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እንባው ግን ጢሙ ውስጥ ሲገባ ሙሽሪት አየች፤ በዚያ በኩል ወታደሩ እንዳያይበት ደረቷን ወደፊት ሰጥታ ከለለችው።

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የአባትህን ነገር ሰምቻለሁ። እኔም ዘበኛ ነበረኝ። ከእኔ የበለጠ ሽበት ነበረው። አንተ ነበር የምለው፤ ልክ አይደለም ያለኝ ሰው አልነበረም። ለአባትህ የምታስከፍለው ሰው ከፈለግህ አጠገብህ ተቀምጧል፤ እኔን ውሰድ። ይህችን ልጅ ግን ምን አድርጋህ?»

አስር አለቃው ጠመንጃውን ከጭኑ አንስቶ እንደገና አቆመው። አፈሙዙ ጣሪያውን ኳ አደረገ።

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ሻምበሉ፣ ቦት ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው፣ በያዘው አርጩሜ በሩን መታ መታ አደረገ። አስር አለቃው ቀድሞ ወረደና ሰላምታ ሰጠ። ዳኛው ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። ካፖርታቸው የሙሽሪትን ክንድ ዳብሶ አለፈ፤ ከዚያ በላይ መሰናበቻ አልነበረም። መነጽር ያደረገው ጸሐፊ ከጥላው ሥር እየተጎተተ መጣ፤ አየ፤ እንደ ድሮው ከወገቡ ጎንበስ ሊል ዳድቶት ራሱን ያዘ።

«እሳቸው ናቸው» አለ።

«እሱ ነው በል!» አለ ሻምበሉ።

«እ... እሱ ነው።»

ሻምበሉ በጋቢናው መስኮት አንገቱን አስገባ። ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። «እናንተስ ምኑ ናችሁ?»

«ሥራችን ጨው መጫን ነው፣ ጌታዬ» አለ ሹፌሩ። ድምፁ እንዴት እንደወጣለት እሱ ይወቅ። «ዘበኛ ነኝ ብሎን ነው።»

«አስር አለቃ! አብረህ መጥተህ የለም? ዘመዶቹ ናቸው?»

ወታደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ሴትዮዋ አንተ ስትለው ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ደንቆሮ ብላ ስትሰድበውም ሰምቻለሁ። እንዲያውም ተቆጥቻታለሁ።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሻምበሉ ግን ይህ ይበቃኛል የሚል ሰው አይመስልም። አርጩሜውን ወደ ሙሽሪት ቀሰረ።

«እስቲ እኔም ልስማው። አንቺ፣ ቀና በይና ፊቱን እያየሽ አላውቅህም በይው።»

ዳኛው ከመስኮቱ ወዲያ ቆመዋል። ሁለት ወታደሮች ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ጸሐይዋ ነጭ ጢማቸው ላይ አርፋለች። ፊቷን አዩ እንጂ ዓይናቸውን አላንቀሳቀሱም፤ እየጠበቁ ነበር። ማንቆርቆሪያ የለ፣ ዓይን መጨፈን የለ።

«አላውቅህም» አለች።

«አልሰማሁም።»

«አላውቅህም!» ብላ ጮኸች። «እኔ አንተን አላውቅህም! የት አውቅሃለሁ!»

ዳኛው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ምስክርነቱን አሟልቶ የተናገረን ሰው ከችሎት እንደሚያሰናብት ዳኛ። ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ጀርባቸውን ሰጡና ሄዱ። ወታደሮቹ ሊደርሱባቸው ፈጠን አሉ።

አስር አለቃው የጋቢናውን በር ዘጋው። አልያዘም፤ ደግሞ ከፍቶ ዘጋው። «በርትተሽ ሳቢው፣ እህቴ» አለ ወደ መሬት እያየ። «መንገድ ላይ እንዳይከፈትብሽ።»

ድልድዩ ረጅም ነው። ጣውላዎቹ በጎማው ሥር እየተንኳኩ፣ ወንዙ በየክፍተቱ ብልጭ እያለ ተሻገሩት። ከወዲያ ያለው መንገድ ሜዳ ነበር፤ ሹፌሩ ግን ማርሹን አልቀየረም። ለዳገት በሚሆነው ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ካሚዮኗን እያንዘረዘረ ነዳ። ከኋላቸው የሚሰማ ነገር ካለ እንዳይሰሙት ነው። ሙሽሪትም ለምን አላለችውም።

ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ ሞተሩ የተቃጠለ ዘይት መሽተት ሲጀምር፣ ማርሹን ሊቀይር እጁን አወረደ። ዘንጉ ጉልበቷን መታት። ቅድም አራት ሆነው እንደተቀመጡት፣ እንደተጣበቀችበት ነበረች። ከጎኗ ያለው ወንበር እስከ በሩ ድረስ ባዶ ነው።

«ጠጋ በይ እንጂ» አላት።

«አባባ ይጠባቸዋል» አለች።